ሠላሳ ቀን መብራት ስላበራንለት የማፍረሻ ትእዛዝ

ለከተማችን የመሬት አጠቃቀምና የከተማ ውበት መምሪያ ዋና ኃላፊ፣
ክቡርነትዎ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ወገብዎ እንዴት ሆነልዎት? አራት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ አራቱንም ጊዜ ጸሐፊዎ «ዛሬ አይገቡም፣ ወገባቸውን አሟቸዋል» ስላለችኝ ከልቤ አዝኜ ነው የተመለስኩት። ሕመሙ የሚነሣብዎት ባለጉዳይ በሚስተናገድባቸው በማክሰኞና በሐሙስ ብቻ መሆኑን ስላስተዋልኩ፣ ለሐኪምዎ ይህን ቢነግሩት መድኃኒቱን ለማግኘት ሳይረዳው አይቀርም ብዬ እንደ እህት እመክርዎታለሁ። እግዜር ይማርዎት፤ ለቤተሰብዎም ሁሉ ሙሉ ጤና እመኛለሁ።

እኔ በቀድሞው የሳሙና መጋዘን ውስጥ ያለው ጋለሪ ቁልፍ ያዥ ነኝ። ጋለሪው ባለቤት የለውም፤ የምናስተዳድረው ስድስት ሆነን ነው፦ እኔ ሠዓሊዋ፣ ቀራፂው፣ ፎቶ አንሺው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ከተጣሉ የመሥሪያ ቤት ወረቀቶች ሥራ የሚሠራው «ማህተሙ» የምንለው ወዳጃችን፣ እና ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ታፔላ» ብሎ የሚጠራው የእናቴ ወንድም። የፊታችን ሰኞ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት መሥሪያ ቤትዎ ይህን ቤት ያፈርሰዋል። ዛሬ ረቡዕ ነው። የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ ያለፈው በራሳችን ጥፋት መሆኑን አልክድም፤ ጥፋቱ እንዴት እንደ ተፈጸመ ግን ለክቡርነትዎ በዝርዝር ማስረዳት ይገባኛል፤ ምክንያቱም በመሥሪያ ቤትዎ ታሪክ እንደዚህ ተከብሮ የተያዘ ማስታወቂያ ያለ አይመስለኝም።

አንደኛ፣ ስለ ማስታወቂያው።

በጋለሪያችን አንድ የቆየ ደንብ አለ። አዲስ ትርኢት ሲከፈት ለሠላሳ ቀን ከሥራዎቹ አጠገብ ቁጥር እንጂ የሠሪው ስም አይለጠፍም። «ስም ያየ ሰው ሥዕል አያይም» ብሎ ይህን ደንብ ያወጣው አጎቴ ነው። እርስ በርሳችንም ቢሆን የማነው ብለን አንጠያየቅም፤ መጠየቅ ነውር ነው። በሠላሳ አንደኛው ቀን ጠዋት እያንዳንዳችን ካርዳችንን ይዘን እንመጣና ከየሥራችን ሥር እንለጥፋለን።

ሥራዎቻችንን በሰቀልንበት ቀን፣ እኛ ምሳ ልንበላ በወጣንበት ሰዓት፣ የመሥሪያ ቤትዎ ሠራተኛ በተከፈተው በር ገብቶ ማስታወቂያውን በትልቁ ግድግዳ መካከል፣ በእኔ ሥዕልና በፎቶ አንሺው ሥራ መካከል በቀረችው ባዶ ቦታ ላይ ለጥፎት ሄደ። ስንመለስ አየነው። ማህተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ትንሽ ተንጋዷል። ሁላችንም ዞር ብለን ወዳጃችንን ማህተሙን አየነው። እሱ ደግሞ እኛ እሱን ለመተረብ ያደረግነው መስሎት ፈገግ አለ። ያችን ፈገግታ እንደ እምነት ቃል ቆጠርናት። ሸክላ ሠሪዋ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ብላ ጻፈችለት፤ ቀራፂው መሰላል ላይ ወጥቶ አንዱን አምፖል አዞረለት።

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ ሠላሳ ቀን ሙሉ የእርስዎ ማስታወቂያ መብራት በርቶለት ተጎበኘ። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ መጥቶ በፊቱ አስቀመጣቸውና ድርሰት አስጻፋቸው። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎብኚ ለረጅም ጊዜ ሲመለከተው ቆይቶ «ርኅራኄ የሚባል አልፈጠረበትም፤ ግን ውሸት የለውም» ብሎ ሄደ። ከሁሉም የባሰችው ከደጃችን አትክልት የምትሸጠው ሴት ናት። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ገብታ አየችውና «ይሄማ የኛን ቤት ሊያፈርሱ ሲሉ የለጠፉብን ወረቀት ነው» አለችን። እኛ የተማርነው ሰዎች ጥልቅ ግንዛቤ ነው ብለን አደነቅናት። ቃሏን በአስተያየት መዝገባችን ላይ በክብር አሰፈርነው፤ ቲማቲሟን እኛ ዘንድ ረስታ እንደ ወጣች እንኳ ሳናስታውሳት።

በሠላሳ አንደኛው ቀን፣ ከኋላ ክፍል ሥራ ላይ ከነበረው ከአጎቴ በቀር፣ ሁላችንም ካርዶቻችንን ለጠፍን። ከቁጥር ዐሥራ ሰባት ሥር ማንም አልመጣም። ተያየን። ማህተሙ «የኔ አይደለም፤ የናንተ ቀልድ አልነበረም እንዴ?» አለ። ያን ጊዜ ሸክላ ሠሪዋ መነጽሯን አድርጋ ከታች ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበቻት፤ ከተለጠፈበት ቀን አንሥቶ በሠላሳ ቀን ውስጥ ቅሬታ ያላቀረበ እንደ ተስማማ ይቆጠራል ትላለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ደንባችን ለሹምም ለተራም አንድ ስለሆነ ግን ያንኑ ቀን የክቡርነትዎን ሙሉ ስም ከነማዕረጉ በካርድ ጽፈን ከሥሩ ለጠፍነው።

የሕግ ክፍልዎ ለማመልከቻችን በሰጠው መልስ «አምፖል አዙሮ ሠላሳ ቀን ያበራለት ሰው አላየሁትም ሊል አይችልም» ብሏል። ትክክል ነው። በዚህ ከተማ ውስጥ ከእርስዎ ማስታወቂያ ይበልጥ የታየ ማስታወቂያ የለም። ስላከበሩን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ቤቱ «ባዶ» ስለ መባሉ።

ማስታወቂያው ከመለጠፉ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሦስት ሰዎች ያሉበት የመሥሪያ ቤትዎ ኮሚቴ የቤቱን አገልግሎት ሊመዘግብ መጥቶ ነበር። የመጡት ለእድሳት ነው ብለውናልና ወንበር አቅርበን፣ ውኃ ሰጥተን፣ እጅ ነሥተን ነው የተቀበልናቸው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። የያዙት ቅጽ መኖሪያ፣ ንግድ፣ መጋዘን፣ አምልኮ እና ባዶ የሚሉ አምስት ሳጥኖች አሉት። የቡድኑ መሪ ቅጹን የሚያስደግፍበት ቢያጣ በቀራፂው የድንጋይ ሴት ትከሻ ላይ አስደግፎ ከባዶ ፊት ምልክት አደረገ። እኔም በትሕትና «ጌታዬ፣ ቤቱ እኮ ባዶ አይደለም፤ አርባ አንድ ሥራ አለበት» አልኩት። «እነሱ ግድግዳ ላይ ናቸው፤ ቅጹ የሚጠይቀው ወለሉን ነው» አለኝ። ወለሉ ላይ ያለችውን የድንጋይ ሴት ባሳየው «እሷ ተንቀሳቃሽ ንብረት ናት» አለኝ። አራት ሰዎች ሆነው አንድ ጋት ሊያንቀሳቅሷት ያልቻሉትን ሴት ተንቀሳቃሽ ማለት ጽኑ እምነት ይጠይቃል።

ስለዚህ ባዶ ቤት ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳዎት ይፍቀዱልኝ። ከፊታችን ካለው ክሊኒክ አንዲት ነርስ በምሳ ሰዓቷ ትመጣለች። የሳሙና ሣጥን ገልብጣ ትቀመጥና ፎቶ አንሺው ካነሣው የተዘጋ በር ፎቶ ፊት ለፊት ሩብ ሰዓት ትቆያለች፤ ከማንም ጋር አትነጋገርም፣ ስትወጣ እጅ ትነሣለች። ጫማ ጠጋኙ ዝናብ ሲመጣ ዕቃውን እኛ ዘንድ ያስገባና በነፃ ሒስ ይሰጣል። ባለፈው ዓመት አንዱን ሥዕሌን ዞር ብሎ አይቶ «እህቴ፣ ቀለሙም አልደረቀም፣ አንቺም አልረጋሽም» አለኝ። ተቆጣሁ፤ ሁለት ሳምንት አኮረፍኩት። በኋላ ሥዕሉን ፍቄ እንደገና ሠራሁት፤ እውነቱን ነበራ። በዝናብ ቀን ግድግዳው ዛሬም ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ ሰዎች ይህን ሽታ ፈልገው ብቻ እንኳ ይገባሉ። ባዶነታችን ይኸው ነው፤ ቅጽዎ ውስጥ ስድስተኛ ሳጥን ቢኖር ኖሮ ክቡርነትዎን ባላስቸገርን ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ መስኮቶቻችሁ።

የቅሬታ ማመልከቻዬን ይዤ መስኮት አራት ሄድኩ፤ ጊዜው ያለፈበት ቅሬታ መስኮት ሰባት ነው አሉኝ። መስኮት ሰባት ጊዜው ማለፉን መስኮት አራት በጽሑፍ ካላረጋገጠ አንቀበልም አለ። መስኮት አራት ደግሞ ያልተቀበለውን ቅሬታ ጊዜ ሊያረጋግጥ እንደማይችል በጨዋ ደንብ አስረዳኝ። ውኃ መውቀጥ ምን እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሙቀጫውን ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። በመስኮት ሰባት ያለችው ሴት ግን መልካም ሰው ናት፤ ፊቴን አይታ ቁጭ በይ አለችኝና የራሷን ወንበር ሰጠችኝ። ከመስኮቶቻችሁ ያገኘሁት ብቸኛ መልስ እሱ ነው።

ዐራተኛ፣ በእኛ ቦታ ስለሚሠራው።

በኮሪደርዎ ላይ የተሰቀለውን ትልቅ የፕላን ሥዕል አይቼዋለሁ። እኛ ከተነሣን በኋላ እዚያ «የኪነ ጥበብ አደባባይ» ይሠራል። ስልሳ መኪና የሚያቆም ቦታ አለው፣ ፏፏቴ አለው፣ ከፏፏቴው አጠገብ ደግሞ ቆብ የደፋ ፂማም ሰው ብሩሽ ይዞ ይስቃል። ፕላኑን የሠራውን ባለሙያ አግኝቼ ሠዓሊዎቹ የሚሠሩት የት ነው ብዬ ጠየቅሁት። «እሱ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው» አለኝ። ሁለተኛው ምዕራፍ መቼ ነው ብዬ ብጠይቀው ቀኑ ገና አልተያዘም አለኝና፣ ፊቴ ሲጠቁር አይቶ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ጣቱን ወደ ፂማሙ ሰውዬ ቀሰረ፦ «ይኸው፣ አንድ ሠዓሊ አለ እኮ።» ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላል ያገራችን ሰው። ፂማሙን ወንድማችንን እንኳን ደስ ያለህ በሉልኝ፤ በዚህ ከተማ ቋሚ ቦታ ያገኘ የመጀመሪያው ሠዓሊ እሱ ነው።

አምስተኛውን በዚሁ ቃና ልጽፈው ሦስት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። ስለዚህ እንዲሁ እነግርዎታለሁ።

አጎቴ አርባ ዓመት የሱቅ ታፔላ ጻፈ። የፀጉር አስተካካዩን መቀስ፣ የመድኃኒት ቤቱን ብልቃጥ፣ የልብስ ሰፊዋን መኪና፣ የዚህን ሰፈር ስም ሁሉ በብሩሽ የጻፈው እሱ ነው። በኋላ የፕላስቲክ ባነር መጣና ሥራውን ወሰደበት። እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ጋለሪያችን መጣና ከኋላ ክፍል ያለውን ረጅም ግድግዳ ስጡኝ አለን። የሳሙና ስቡ ቀለም አላስይዝ ብሎት አንድ ዓመት ሙሉ ሲፍቅ ኖረ። ከዚያ ጀመረ፤ በቀን አንድ ሰው። በደጃችን ከሚያልፉት ውስጥ አንዱን ይመርጥና በስንዝር ቁመት ይሥለዋል፤ አረማመዱን ሳያውቅ አይሥለውም። አንዱ ሰው ሌላውን እየተከተለ፣ መስመሩ ሲሞላ ከሥሩ ሌላ መስመር እየተጀመረ፣ እንደ ጽሑፍ ይሄዳል። ስድስት ዓመት ሆነው።

ከሦስት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤትዎ ከጀርባችን የነበሩትን ቤቶች ሲያፈርስ ሰዎቹ ወደየአቅጣጫው ተበተኑ። አሁን ከሩቅ እየመጡ በግድግዳው ላይ ራሳቸውን ይፈልጋሉ፤ ጎረቤቶቻቸውን ይፈልጋሉ፤ ሲያገኙ ይስቃሉ፣ ዘወር ብለውም ያለቅሳሉ። አትክልት ሻጯ ባሏን በሦስተኛው መስመር ላይ አግኝታዋለች፤ የጋዝ ሲሊንደር ተሸክሞ አንገቱን ወደ ግራ ዘመም አድርጎ ይሄዳል። ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ሌላ ምስሉ የላትም። እንደዚህ ያለ ነገር በከተማችን ሌላ ቦታ ካለ ይንገሩኝ፤ ሄጄ አያለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የአጎቴ ዓይን እየጠፋ ነው። የዓይን ሐኪሙ ቢበዛ ሦስት ወር ያያል፣ ከዚያ በኋላ የምሠራለት ነገር የለም ብሎኛል። አሁን ግንባሩ ከልስኑ እስኪነካ ድረስ ተጠግቶ ነው የሚሠራው፤ ወደ ቤት ስወስደው የቅንድቡን ቀለም እጠርግለታለሁ። በበሩ በኩል የቀረችው ቦታ ሁለት ክንድ አትሞላም። የመጨረሻዋን ስንዝር ለእናቴ፣ ለሟች እህቱ ነው የያዘላት። «እጄ ሲፈታ» እያለ ስድስት ዓመት አቆያት፤ በመጀመሪያው ቀን ሊሥላት ይችል ነበር፣ ስላልደፈረ ነው። እኔም አላጣደፍኩትም። አንድ ዓይና በአፈር አይጫወትም እየተባለ ያደግኩ ሴት፣ ጊዜ ያለን መስሎኝ ዝም አልኩ። በዚህ ራሴን እወቅሳለሁ፤ በዚህ እርስዎ የሉበትም።

ግድግዳውን ነቅሎ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ግንበኛ አምጥቼ ጠይቄያለሁ። በመዶሻው ጫፍ ጠርዙን ነካ አድርጎ እጁን አሳየኝ፤ ዱቄት ነበር። «እህቴ፣ ይሄን የያዘው ሲሚንቶ አይደለም፣ ልማድ ነው፤ ከነካሽው ይወርዳል» አለኝ። ፎቶ አንሺው እያንዳንዱን መስመር አንሥቶታል። ፎቶ ግን ፎቶ ነው፤ አጎቴ ፎቶ ላይ ቀለም መጨመር አይችልም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ሦስት ወር። ለጋለሪው አይደለም፣ ለአንዱ ግድግዳ ብቻ። ጣሪያውን ይውሰዱት፣ የፊቱን ክፍሎች ሰኞ ያፍርሱዋቸው፣ ሥራዎቻችንን በራሳችን ትከሻ አውጥተን መንገድ ዳር እናቆማለን፤ ከፈለጉም ጡቡን እኛው እናነሣልዎታለን። ለግድግዳው ሸራ እንወጥርለታለን። ስልሳ መኪናዎች ሦስት ወር ቢጠብቁ አይሞቱም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ቢሉኝ ደጃፍዎ ላይ ተንበርክኬ እለምንዎታለሁ፤ ማክሰኞም ሐሙስም ይሁን፣ ወገብዎን ሳላስነሣ ወለሉ ላይ እቀመጣለሁ። ይህ ሽሙጥ አይደለም። ሽሙጥ የማውቀው ብቸኛ መከላከያ ስለሆነ ነው ደብዳቤውን በእሱ የጀመርኩት፤ እዚህ ላይ አለቀብኝ። እባክዎ። የሰው ልጅ ነዎት፤ እናት አለዎት ወይም ነበረችዎት።

በመጨረሻም፣ ለከተማችን ውበት ሌት ተቀን በመድከም ላይ ያሉትን ክቡርነትዎን፣ ወገብዎ የሚፈቅድልዎትን ያህል ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ትእዛዝዎን በአምፖል ያከበሩት አምስት ባልደረቦቼም ምስጋናቸውን እንዳቀርብ ስለወከሉኝ፣ በስማቸውም በስሜም እስከ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ድረስ የክቡርነትዎ ታዛዥና ተስፈኛ ሆኜ እቆያለሁ።

በ«ባዶው» ቤት
ቁልፍ ያዥዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አምስት ባልደረቦቼ ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው፤ አራት ናቸው። አጎቴ ስለ ማፍረሱ አያውቅም። ከዓይኑ ጋር ይህንንም ልንጭንበት ስላልቻልን አራቱና እኔ ተማምለን ደብቀነዋል፤ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ለጋዜጣም ሰጥቻለሁና፣ ሲወጣ ማንም እንዳያነብለት ሰፈሩን ለምነናል። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ግን ቀያሾችዎ መጥተው ከኋላው ክፍል ውጭ ችካል ሲመቱ ሰማ። ፊቱን ከግድግዳው ሳያነሣ «ምንድን ነው የሚመታው?» አለኝ። በሕይወቴ ዋሽቼው አላውቅም። «ጋሼ፣ ኃላፊው መንገዱን ሊያሰፉልን ነው፤ ሰው ግድግዳህን መጥቶ እንዲያይ ብለው» አልኩት። ብሩሹን አስቀመጠ። «እንዲህ ያለ ሹምም አለ ለካ። ምስጋናዬን አድርሺልኝ፤ እድሜ ይስጥልኝ ብሏል በያቸው» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በየጠዋቱ «አደረስሽልኝ?» ይለኛል። ይኸው አድርሻለሁ። መልስ ከሰጡት ፊደሉን ተለቅ አድርገው ያስጽፉልኝ፤ ለጊዜው ያነባል።